ሰዓዳ ትከሻ ላይ ያረፈችው እጅ

እንደ እናት አዴ የምንላቸው ሀሊማ ያረፉ ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ስሄድ፣ ልጃቸው ሰዓዳ ጥግ ይዛ፣ አንድ ፍሬም ውስጥ ያለ ፎቶ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት። ከተዳረችበት ከዶሎ ኦዶ ስትከንፍ መጥታ ለቀብሩ አልደረሰችም። ፎቶው የራሷ ነው፤ የሰርጓ ዕለት ጠዋት፣ እዚሁ ነገሌ፣ እኔ ያነሳኋት። ቀለሙ ቢጫ ሆኗል። ከፎቶው ጫፍ አንዲት የሴት እጅ ገብታ ትከሻዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ባለእጇ አትታይም።

"የእናቴ ፎቶ የለኝም፣ ኑሪ" አለችኝ። "ልጆቼ ስልክ ባወጡ ቁጥር በሻሿ ትሸፈንባቸው ነበር። የቀረችኝ ይቺ እጅ ብቻ ናት።"

ፍሬሙን ተቀብዬ ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ካርቶኑ ዱሮ በተመታበት ሚስማር እንደተመታ ነው፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ያንን ፎቶ ሙሉውን ያየሁት እኔ ነኛ!

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ ገና ብዙ ሳይቆይ ነው። ታላቅ ወንድሜ አብዲ ከገበያው ጀርባ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው። ካሜራው የጃፓን ሥሪት፣ ሁለመናው ብረት፣ አንገት ላይ ሲያንጠለጥሉት የሚጎትት ከባድ ዕቃ ነው። እኛ እጅ እስኪገባ በስንት እጅ እንደዞረ እንጃ፣ ጥቁር ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጦ ነሐሱ ይታያል። አንድ ፎቶ በተነሳ ቁጥር ፊልሙን ወደፊት ለማሳለፍ ማንሻውን በአውራ ጣት መሳብ ነበር፤ ክርርር ይላል። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ዛሬ የእህቴ ልጆች ምሳቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፎቶ ሲያነሱት እያየሁ እስቃለሁ። በእኛ ጊዜ ፊልም ውድ ስለነበር አንዷን ለመጫን ስንት ይታሰብ ነበር!

የሙስሊም ሰርግ ሲሆን ሙሽራዋ ያለችበት የሴቶች ክፍል ወንድ አይገባም። አብዲ ታዲያ አንድ ቀን ሱቃችን መጥቶ፣ ጨርቅ እየለካሁ ሳለ፣ "ሰዓዳን የምታነሺያት አንቺ ነሽ" አለኝ። ትምህርቱ አጭር ነበር።

"በዚች መመልከቻ ስታዪ መሀል ላይ ክብ አለች። ፊቷ እዚያ ውስጥ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታይሻል። ሌንሱን አዙሪው፤ ግማሹ ከግማሹ ሲገጥም ተዪው። ዳር ላይ ደግሞ ብርሃን የምትለካ መርፌ አለች፤ ይህን ሌላውን ቀለበት አዙረሽ እሷ መሀል ስትቆም ተጫኚ። ሌላ ነገር እንዳትነካኪ!"

መርፌዋን አምኜ ተቀመጥኩ።

ከሰርጉ በፊት አዴ ሀሊማ ራሳቸው ሱቅ ድረስ መጡ። "አካም፣ ኢንተላ ኮ? ናጋ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁና እጄን ያዙ። ከዚያ በዚያ በሚጣፍጠው አማርኛቸው እንዲህ አሉኝ፦ "አሚናን ታውቂያት የለ? ሞያሌ የዳርኳት ልጄ። ሞተችብኝ፤ ፎቶ የላትም። አሁን ፊቷን ብጠራው ብጠራው አይመጣልኝም። ይቺንም ሩቅ ልሰዳት ነው። ይቺን ያዢልኝ።"

እንዲህ ያለ አደራ ከተሰጠ በኋላ እንቅልፍ የት አለ!

የሰርጉ ጠዋት እኛ ጋና የምንለው የበልግ ዝናብ ሲጥል አድሮ፣ የነገሌ ቀይ አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ፣ ሰማዩ እንደከበደ ነበር። መኪናው ፀሐይ ሳይበረታ በዶሎ መንገድ ያለችውን ፊልቱን ማለፍ ስላለበት ደጅ ያሉት ወንዶች ከአሁኑ "ቶሎ በሉ" ይላሉ። ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ በቅቤ የተጠበሰውን ቡና ቀላ በእንጨት ገበቴ ያዞራሉ፤ ሽታው ከሂናው ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞልቶታል። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። መርፌዋ ታች ወድቃለች። ነቀነቅሁት፣ እፍ አልኩበት። ወይ ፍንክች!

"ሞተ" አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ። አዴ ሀሊማ ክው አሉ። ያን ፊታቸውን እንዳላይ ብዬ ሮጬ መስኮቱን ከፈትኩት። አብዲ ጀርባውን ሰጥቶ ከሥሩ ቆሟል።

"አብዲ! ካሜራው ሞቷል!"

"ምኑ ነው የሞተው?" አለ፣ ሳይዞር።

"መርፌዋ አትነሳም።"

"አብዲ፣ ዞር ትልና!" ብላ አንዷ ከውስጥ ዛተችበት፤ ሴቶቹ ሳቁ።

"አልዞርኩም፣ አልዞርም! ኑሪ፣ ባትሪው አልቆ ነው። ባትሪው ለመርፌዋ ብቻ ነው። የቀረው ስፕሪንግና ጥርስ ስለሆነ ያለ ባትሪ ይሠራል። ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ። ሙሽራዋን ወደ መስኮቱ አስጠጊያት።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"የብርሃኑን ቀለበት እስከ መጨረሻው ክፈቺው። የፍጥነቱን ቁጥር ሠላሳ ላይ አድርጊ። ዝግ ያለ ነው፤ ስለዚህ አንቺም ትንፋሽሽን ያዢ፣ እሷም እንዳትነቃነቅ። ከተነቃነቀች ፊቷ ጭጋግ ይሆናል።"

እንዳትነቃነቅ! ሰዓዳ እኮ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ይህንኑ ስነግረው፣ "እንግዲያው አንድ ሰው ጥርቅም አድርጎ ይያዛት" አለ።

ሁላችንም ወደ እናቷ ዞርን። እሳቸው ወደ ኋላ አሉ። "እኔን አሮጊቷን ማን ያያል? እሷን ብቻ አንሺ።"

"አዴ፣ አንቱ ካልያዟት ፊቷ አይወጣም" አልኳቸው።

ይህን ሲሰሙ መጥተው ጎኗ ቁጭ አሉ። በአንድ እጃቸው ትከሻዋን ይዘው ጆሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሹክ አሏት። ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ልጅቷ ግን ጸጥ አለች። በመመልከቻው ውስጥ የተሰነጠቀው ፊቷ ተጠጋ፣ ተጠጋና ገጠመ። ተጫንኩት። ማንሻውን ለሁለተኛ ስስብ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ፣ ሰዓዳም ወጣች።

ፊልሙ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ እስኪመጣ ምግብ አልበላ አለኝ። አዴ ሀሊማ በሱቁ ባለፉ ቁጥር ከመደርደሪያው ኋላ እደበቅ ነበር። አብዲ ፖስታውን ሲከፍት እኔ ደጅ ቆሜያለሁ።

"ኑሪ፣ ነይ" አለኝ። "ጥርት ብላለች።"

እፎይ አልኩ። ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ነው እፎይ ያልኩት።

አዴ ሀሊማ መጥተው ልጃቸውን ስመው ስመው፣ እዚያው ፊታችን ፎቶውን ለሁለት አጠፉና የራሳቸው ምስል ያለበትን ወደ ኋላ አዞሩት። "አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?" ብል፣ "የኔን ፊት መስታወት ላይ አየዋለሁ። የፈለግሁት እሷን ነው" አሉኝ። ሳቅሁ። አብዲም እንዲያው አጣጥፎ ፍሬም ውስጥ ከተተላቸው። የፎቶ ቤቱን ፊልሞች በኋላ ምስጥ ስለጨረሳቸው፣ በዓለም ላይ የቀረው ያ አንዱ ብቻ ነው።

"ቢላ አምጡልኝ" አልኩ ለቅሶው ቤት ውስጥ።

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ፈነቀልኩ። ወረቀቱ ተጣብቆ ቢሆንስ? እጥፋቱ ፊታቸው ላይ አርፎ ቀለሙን ልጦት ቢሆንስ? ቀስ ብዬ ዘረጋሁት። እጥፋቱ ያለፈው በክንዳቸው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ያልነካው፣ ትናንት የታጠበ የሚመስል ፊት። አዴ ሀሊማ ካሜራውን አያዩም፤ የሚያዩት ልጃቸውን ነው።

አደራቸው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረ ሸክም ይመስል፣ ዳግመኛ እፎይ አልኩ። ያቺ መርፌ ተነስታ ቢሆን ኖሮ አብዲን አልጠራም፤ ሙሽራዋን ብቻዋን አንስቼ እወጣ ነበር።

ሰዓዳ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አስጠግታ አየችው። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

"አሮጊት ነኝ ነበር አይደል ያለችሽ? እይ እስቲ፣ ኑሪ" አለችኝ። "አሁን እኔን ታክላለች እንዴ? ልጅ እኮ ናት።"