ጠጠሯን በቁልፍ የምትለካው ልብስ ሰፊ

አልትራሳውንድ ክፍል በር ላይ ተራ የምትጠብቀው ልብስ ሰፊ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ መጥታለች። በካፖርቷ ገበር ላይ ሁለት ቁልፎች ሰፍታለች፤ አንዱ የዛሬ ዓመት፣ ሌላው ከስድስት ወር በፊት የሐሞት ጠጠሯ የነበረውን መጠን ያሳያሉ። ሁለተኛው አነስ ይላል። ጠጠሩን ያሟሟል የተባለውን እንክብል ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ትውጣለች፤ ሕመሙ ሲነሳባት የስፌት መኪናዋን ጨብጣ እስኪያልፍ ትታገሣለች።

ተራዋ ደርሶ ስትጋደም ሐኪሙ፣ "እህቴ፣ ኦፕራሲዮኑ እኮ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ምን ያስፈራሻል?" አላት።

"መርፌና መቀስ ይዤ የምውል ሴት ቢላ አልፈራም፣ ዶክተር። ከዚያ በኋላ ግን ለሳምንታት ከባድ ነገር አታንሺ ሊሉኝ ነው። ባሌን ማን ያንሳልኝ?"

ባሏ ወገቡ ከተሰበረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከአልጋ ወደ ወንበር የምታሸጋግረው እሷ ብቻ ናት፤ የሌላ ሰው እጅ ሲነካው ያፍራል፣ ቀኑን ሙሉም አይናገርም።

ሐኪሙ ስክሪኑን ደጋግሞ አየና፣ "ካለፈው አልቀነሰም፤ እንዲያውም አድጓል። መድኃኒቱ የሁሉንም ሰው ጠጠር አያሟሟም" አለ።

ቀሚሷን አወረደች። "እንግዲያው የኦፕራሲዮኑን ቀጠሮ ራቅ ያድርጉልኝ" አለች፤ "መጀመሪያ ባሌን ከሰው እጅ ጋር ላላምደው።"