ሞተሩ ሲጠፋ የሰማሁት ፉጨት

የልጄ ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ። ቀና ስል በሁለት እጇ አንገቷን ይዛለች። አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። ዘልዬ አነሳኋት። ሳል ያዛት፣ ለቀቃት፣ ደግሞ ያዛት። ከዚያ ሳሉ ቆመና በቦታው ፉጨት ቀረ። አየር ስታስገባ ታፏጫለች፣ ስታስወጣም ታፏጫለች። አደጋው የገባኝ ያኔ ነው። ስድስት ልጅ ወልጃለሁ፤ ሲስሉም ሲታመሙም አይቻለሁ። እንዲህ የሚያፏጭ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም።

ይህ የሆነው የአጋሮ መንገድ በሚሠራበት ጊዜ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ያኔ የምንኖረው ከአጋሮ ወዲያ፣ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነበር። የመጨረሻዋ ልጄ ፎዚያ አራት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው የምንኖረው፤ እሷም ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህን ግን ካልጻፍኩት ከጆሮዬ አይወጣልኝም። በዓይኔ ያየሁት ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የሰማሁት ነው የቀረው።

የኛ አገር ልጅ ቀይ የቡና ፍሬ ይመጥጣል። ይጣፍጣላ። ጭማቂውን መጦ ፍሬውን ይተፋዋል። ያን ቀን እኔ ቡና ሳሰጣ ፎዚያ አጠገቤ ቆማ እየመጠጠች ነበር። አንዲት ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ገብታ መውጫ አጣችና ስትንፈራገጥ ልጄ ሳቀች። ፍሬው ከሳቋ ጋር ገባ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ "ጀርባዋን ምቺ" ትላለች፣ ሌላዋ "ለጋ ቅቤ አስውጫት፣ ያንሸራትተዋል" ትላለች። ሁሉንም አደረግሁ። ቅቤውን ተፋችው፤ ፉጨቱ እንዳለ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አባ ራያ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ሊሙ ሄዶ ስለነበር የቤቱ አዛዥ እሳቸው ናቸው። አፏን ከፍተው አዩና፣

"ይሄማ እንጥሏ ወርዶ ነው። ቆራጩን ጥሩልኝ" አሉ።

"አባ ራያ፣ ቡና ነው የገባባት" አልኳቸው።

"ቡና ሆድ ይገባል እንጂ ደረት ምን ሊሠራ ይገባል?"

እንጥል ቆራጩ ገበያ ወርዷል ተባለ። እሱ እስኪመጣ ብዬ ልጄን አቅፌ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። እስከ ዛሬ አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ ያን ቀን ገበያ ባይኖርስ?

የጤና ጣቢያው ነርስ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"ፍሬው ያለው የትንፋሽ ቧንቧዋ ውስጥ ነው። እዚህ የሚያወጣ መሣሪያ የለንም፤ አጋሮም ቢሆን ወደ ጅማ ነው የሚልኩሽ። ዛሬውኑ ጅማ መድረስ አለባት። ስሚኝ እናት፣ አታስተኚያት፣ ምንም አታጉርሺያት፣ በምንም ምክንያት አታስለቅሺያት። ካለቀሰች ፍሬው ቦታ ይለቅና ቧንቧውን ይደፍነዋል።"

"ፉጨቱስ?" አልኩት።

"ፉጨቱ ካለ አየር አለ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከሰው የሰማሁት ሁሉ አልፎ ሄዷል፤ ይህ ብቻ ቀረ።

አላለቀስኩም። ሰው እስከ ዛሬ "አንቺ ጠንካራ ነሽ" ይለኛል። ጥንካሬ አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል ሲል በመርፌ የደነዘዘ ድድ ታውቁ የለ? ነክታችሁት እንኳ የናንተ አይመስልም። እኔ እንደዚያ ሆኜ ነበር፣ ከእግር እስከ ራሴ።

አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል። መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል። ቡና የጫነ መኪና ድልድዩ አፋፍ ላይ ተጋድሞ፣ ወዲህም ወዲያም መኪና ተሰልፏል። የሚያልፈው እግረኛና በቅሎ ብቻ ነው። ልጄን ቀጥ አድርጌ ታቅፌ መንገድ ዳር ቆምኩ። የት እንደምሄድ አላውቅም።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል። መሃሉ ላይ አንዲት ሴት ከአንድ ትልቅ ሞተር ጎን ተንበርክካ ካቴናውን፣ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ ታጠብቃለች። ሱሪ ለብሳለች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ሻንጣና የተጠቀለለ ድንኳን ታስሯል። ከጋምቤላ ተነስታ አዲስ አበባ ልትገባ ነው ይላሉ፣ ብቻዋን። ጎረምሶቹ ይቀልዱባታል።

"ኧረ ባልሽ የት ቀረ?" አላት አንዱ።

"ከኋላ በእግሩ እየመጣ ነው። ካገኘኸው ውኃ ስጥልኝ" አለች ቀና ሳትል።

ሁሉም ሳቁ። እኔ በሳቁ መሃል ገባሁ። ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም።

"ልጄ እያፏጨች ነው" አልኳት።

መፍቻውን አስቀመጠች። እጇን በሱሪዋ ጠረገችና ጆሮዋን ወደ ፎዚያ አፍ አስጠጋች። ነርሱ ያለውን ነገርኳት። አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ አየች፣ አንድ ጊዜ ወደ ሞተሯ፣ ከዚያ ሻንጣዋን መፍታት ጀመረች። ስሟን የነገረችኝ እየፈታች ነው፤ ማርታ።

አባ ራያ እያለከለኩ ደረሱ። "ማሎ፣ ማሎ፣ እባክሽ ቆይ እስቲ! ቁልፉን ስጪና ወንድ ይንዳው" አሏት።

"አባባ፣ ይሄ ሞተር ወንድ አይወድም" አለች። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥኩት እኔው ነድቼ ነው። ለሌላ ሰው ሰጥቼ ልጅቱ ብትወድቅ ለእናትየዋ ምን እላለሁ? ይልቅ ይሄን ዕቃ ይያዙልኝ። ያለኝ በሙሉ ይሄው ነው። አደራ።"

አባ ራያ አደራ ተብለዋል። ሻንጣው ላይ ተቀመጡበት።

በረጅም ቀሚስ እግር ከፍቶ ሞተር ላይ መውጣት ለእኔ ነውር ነው፣ ያውም በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። አባ ራያ ምርኩዛቸውን አነሱና "ፊታችሁን አዙሩ! ምን ታያላችሁ!" ብለው ጮኹ። ጎረምሶቹ ዞሩ። ወጣሁ።

ማርታ ልጄን በመካከላችን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። ነጠላዬን ከትከሻዬ ወሰደችና ሦስታችንንም ዙሪያውን አሰረችን፤ ጫፉን ደግሞ አጥብቃ ወደ ውስጥ ወተፈችው።

"የነጠላ ጫፍ ካቴና ከገባ ሰው ያንቃል፤ አይቻለሁ" አለች። "እኔ ስጋደም አብረውኝ ይጋደሙ። የቡና ጆንያ ይሁኑ።"

እሱስ አላቃተኝም። ያን ቀን ከጆንያ ምን ይለየኝ ነበር?

የራስ ቆቧን ሰጠችኝ። ጆሮዬን ስለሚደፍነው መለስኩላት። እሷም ሳታደርገው ክንዷ ላይ አንጠለጠለችው።

ሞተሩ ተነሳ። ፉጨቱ ጠፋ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ደረቷን በእጄ ያዝኩ፤ ሞተሩ እጄንም ደረቷንም አንድ ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ትተንፍስ አትተንፍስ መለየት አልቻልኩም። የማርታን ትከሻ ደበደብኩ። ቆመች፣ አጠፋችው። ፎዚያ ታፏጫለች። ሄድን። ገና አንድ ኩርባ ሳናልፍ ደግሜ ደበደብኳት። አሁንም ቆመች። ሦስተኛ ስደበድባት ዞር አለችና፣

"እንዲህ እየቆምን አንደርስም" አለችኝ። ቁጣ የለባትም። "ስሚኝ። ነዳጅ ማደያ ሲርቀኝ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ነው የምሄደው፤ በራሱ ይንከባለላል። አሁንም እንደዚያ አደርጋለሁ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር አጠፋዋለሁ፣ አንቺ አድምጪ። ዳገቱን ግን ቻይው።"

እርስዎ ስትለኝ የነበረችው አንቺ አለችኝ። እኅቴ የሆነች መሰለኝ።

የተጋደመው መኪና ጋ ስንደርስ በጎኑ የቀረው የበቅሎ መንገድ ነው። ሾፌሮቹ "ወይ ጉድ! ሦስት ሴት በአንድ ሞተር!" ይላሉ።

"እሷ ሴትዮ፣ ገደል ነው!" ብሎ ጮኸ አንዱ።

"ገደሉን አይቼዋለሁ፤ አንተ መንገዱን ያዝልኝ" አለችው።

ሮጦ መጣና ሞተሩን ከጎን ደገፈው፤ ሌሎችም መጡ። ፎዚያን ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። ከታች ውኃው ይታየኛል። መፍራት ነበረብኝ፤ አልፈራሁም። ፍርሃቴ ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለእኔ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ሆነ። ዳገት ላይ ልጅ የለኝም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቡናው በግራ በቀኝ ያልፋል፣ እኔ ጆንያ ነኝ። አናቱ ላይ ስንደርስ ማርታ ታጠፋዋለች። መጀመሪያ ነፋሱ ይሰማል። ቀጥሎ ጎማው ጠጠሩን ሲፈጭ። ከዚያ ከሥሩ ቀጭን ሆና ትመጣለች፤ ፊይ… ፊይ…። ትከሻዋን አንዴ መታ አደርጋለሁ፤ "አለች" ማለቴ ነው። ማርታ አንገቷን ትነቀንቃለች። ቁልቁለቱ ያልቅና ሞተሩ እንደገና ይጮኻል። ልጄን በየዳገቱ እያጣኋት በየቁልቁለቱ አገኘኋት።

ልጄ አላለቀሰችም። አንድ ቁልቁለት ላይ በዚያች በሚያፏጭ ድምፅ "እማ፣ ዶሮዋ ወጣች?" አለችኝ። "ወጥታለች" አልኳት።

አጋሮ ስንደርስ ማርታ "መኪና እንፈልግ?" አለችኝ። መናኸሪያው ሰው እየጠራ ነው፤ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ አለ። ልጄን ብናወርዳት ልታለቅስ ነው። "ሂጂ" አልኳት።

ከየቡ ካለፍን በኋላ፣ ወደ ጅማ ስንቃረብ፣ መንገዱ ሜዳ ሆነ። ጅማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከተማው ያለው ረባዳ ሜዳ ላይ ነው። ቁልቁለት አለቀ። ማርታ ሞተሩን አላጠፋችም፤ ብታጠፋው የሚሸከመን ነገር የለም።

ያኔ የፎዚያ ራስ ደረቴ ላይ ወደቀ።

ስሟን ጠራሁ። ሞተሩ የራሴንም ድምፅ ዋጠው። ጉንጯን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ነፋስ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። እጄን ወደ ማርታ ትከሻ አነሳሁ። ብደበድባት ትቆማለች፤ ሦስቴ ቆማልኛለች። ቆመን ብሰማስ? ካለች ጊዜ አባከንኩባት። ከሌለችም መቆሙ ምን ይሠራላታል? መቆሙ ለእኔ ነው፣ መሄዱ ለእሷ ነው። እጄን መለስኩና ነጠላውን ያዝኩ።

ከዚያ የነበረውን መንገድ አላየሁትም። ዛሬ በዚያው መንገድ በባጃጅ ስሄድ እዚህ ጋ እንዲህ ያለ ቤት ነበር እንዴ እላለሁ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ማርታ ሞተሩን አጠፋችው።

ነፋስ የለም። ጠጠር የለም። ምንም የለም። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ "ምን ሆናችሁ ነው?" ይላል፤ ማርታ እጇን ዘርግታ ዝም በል አለችው። እሷም እያዳመጠች ነበር።

ፊይ…

"አለች!" አለች ማርታ። በእኔ ፋንታ እሷ አለቀሰች። ነጠላውን ጥበቃው ነው የፈታልን። "ደረስን" አልኩት። ምን ሆናችሁ ላለኝ መልሴ ይኸው ብቻ ነበር።

ሐኪሞቹ በዚያው ዕለት አስተኝተው በቱቦ አወጡት። ፍሬውን በጥጥ ላይ አድርገው አሳዩኝ። በየቀኑ በኩንታል የማሰጣው ነገር ነው። ማርታ ልጄ ዓይኗን እስክትገልጥ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በማግስቱ ለዕቃዋ ስትመለስ አባ ራያ ሻንጣውን ቤታቸው አስገብተው፣ ሰግደው ሲመለሱ እላዩ ላይ እየተቀመጡ ነው የጠበቋት። "ልጄ፣ ሞተርሽ ወንድ አይወድም ያልሽው እውነት ነው?" ብለው ጠየቋት አሉ። "እርስዎን ይወዳል" ብላ መንደሩን አንድ ዙር አዞረቻቸው። ይህን እሳቸው እስኪሞቱ አውርተውታል፤ እንጥሉን ግን አንስተውት አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ማርታን አላየኋትም። ሴት ሞተር ስትነዳ ሳይ ግን ቆሜ አሳልፋታለሁ፤ ዱዓም አደርግላታለሁ።

ድንዛዜው ከላዬ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀ። ደስታው እንኳ የመጣው ቆይቶ፣ ትንሽ በትንሽ ነው። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። በሰፈራችን ሞተር መጥቶ በር ላይ ሲጠፋ፣ የያዝኩትን ይዤ ደርቄ እቆማለሁ። ጆሮዬ ራሱ ይጠብቃል። ቤተሰቡ ያውቀዋል። ፎዚያ ጓዳም ትሁን ደብተሯ ላይ፣ ሞተር የጠፋ እንደሆነ ቀና ሳትል፣

"አለሁ፣ እማ!" ትላለች።

እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ። አለች። አልሃምዱሊላህ፣ ደርሰናል።