ግማሽ ሊትር ናፍጣ እስከ ስድስት ኪሎ

ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሽማግሌ ይዘው ሶማሌ ተራ ወደሚገኘው ጋራዥ የገቡት በዚህ ሰዓት ነበር። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አውቃለሁ፤ የተጣሉትን ለማስታረቅ ሲቀመጥም አይቻለሁ። ለሞተር ሲመጣ ያየሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሞተሩ ደጃፉ ላይ፣ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከጎጃም በረንዳ ማርና ቅቤ እየጫነ ለሱቆች ያከፋፍልበት የነበረው ፒክአፕ ሞተር ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ሥራውንም መሪውንም እኔ ያዝኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጫንኩትን ዕቃና የቀዳሁትን ናፍጣ በየቀኑ ስመዘግብ ቆይቼ፣ ያ ትልቅ ሞተር የምለፋበትን ሁሉ እየጠጣ እንደሚጨርሰው ተረዳሁ። አስወጣሁትና በምትኩ አነስ ያለ ሞተር አስገባሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

«የወንድሜን ልብ አውጥተሽ ጎማ ላይ አስቀመጥሽው?» አሉ ዋርሳዬ።

«ብረት ነው ጋሼ» አልኩ። «ልቡን እኔ አውቀዋለሁ።»

መካኒኩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳቁን ዋጠ። ዋርሳዬ ግን አልሳቁም። ፒክአፑን ወንድማማቾቹ በጋራ የገዙት በመሆኑ፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ የተነካ ነገር ሁሉ በደል ነበር። ሽማግሌው፣ ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ ሹፌር፣ ሁለታችንንም ካደመጡ በኋላ «ታዲያ ለምን አንፈትነውም?» አሉ።

አሮጌው ሞተር ከመውጣቱ በፊት መካኒኩ ፍጆታውን ለክቶልኝ ነበር። የነዳጁን ቱቦዎች ከታንኩ ነቅሎ ግማሽ ሊትር ናፍጣ በያዘ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተታቸው፤ ፕላስቲኩንም በሽቦ ከጎን መስታወቱ ጋር አሰረው። በዘወትር ጭነቴ፣ ማለትም በአራት ኩንታል፣ ከጎጃም በረንዳ ተነስቼ አፍንጮ በር ላይ ናፍጣው አለቀና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አዲሱ በዚያው ግማሽ ሊትር ስድስት ኪሎ አደባባይ ይደርሳል» አልኩ።

«አሥር ኩንታል ተጭኖበት!» አሉ ዋርሳዬ። «ካልደረሰ አሮጌው ይመለሳል፤ ቁልፉንም ለእኔ ታስረክቢያለሽ። አትችይውም!»

አሥር ኩንታል የምጭነው በበዓል ዋዜማ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። «አትችይውም» የሚለው ቃል አስቸኮለኝና «እሺ» አልኩ። በሕይወቴ ሳልመዝን የመለስኩት መልስ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነበር።

መጫኛው ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ግማሽ ሊትር ተሞልቶ እንደገና ታሰረ። ሽማግሌው እሱን እያዩ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዋርሳዬ በታክሲ ተከተሉን። ጎጃም በረንዳ ላይ የሚጭኑት ወዛደሮች ጉድ አገኙ።

«እትዬ፣ መኪናው ግሉኮስ ተሰክቶለታል እንዴ?»

«ቀስ አድርገሽ ንጂው፣ በሽተኛ ነው!»

ሞተሩ አቃሰተ። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትን ስንወጣ ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ዓይኔ እያየ ወረደ። አፍንጮ በር ሳንደርስ አለቀ። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ።

ዋርሳዬ ከታክሲው ወርደው በመስኮቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን።»

«አልሰጥም።»

ከተዳርኩበት ቀን ጀምሮ ለእኚህ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«ቃልሽስ?»

«ቃሌን አጥፌያለሁ ጋሼ። አሥር ኩንታሉን የተቀበልኩት እልህ ይዞኝ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ለአንድ ጠዋት እልህ ብዬ እንጀራዬን አላስረክብም። ነገ በየቀኑ በምጭነው ጭነት ይለካ። ያን ጊዜም ካልደረሰ ቁልፉን ራሴ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ናፍጣ አይቀዳልኝም።»

ሽማግሌው ባዶውን ፕላስቲክ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔም ትርፍ ጭኜ ዳገት ላይ በቆምኩ ቁጥር ሞተሩን ነበር የምሰድበው» አሉ። «ነገ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ። ቁልፉ እሷ ዘንድ ይደር።»

በማግሥቱ አራት ኩንታል ጫንን። ሽማግሌው ሲሳፈሩ «የእኔ ክብደት ግን ከጭነቱ አይቆጠርም» ብለው ቀለዱ። እኔ ሳልስቅ ሞተሩን አስነሳሁ። አፍንጮ በርን በሁለተኛ ማርሽ አለፍነው። ስድስት ኪሎ አደባባዩ ዳር ስቆም ሽማግሌው ፕላስቲኩን ፈትተው በታክሲ ተከትለውን ለደረሱት ለዋርሳዬ ሰጧቸው። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ናፍጣ ቀርቶ ነበር። ዋርሳዬ ወደ ብርሃኑ አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አሮጌውን ግን ለቁራሌው እንዳትሰጪው» አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

እዚያው፣ መኪናው አጠገብ እንደቆምን ተወሰነ። ትንሹ ሞተር መኪናው ላይ ይቆያል፤ መሪው ከእኔ እጅ አይወጣም፤ ለበዓል ጭነት ሌላ መኪና እከራያለሁ። አሮጌው ሞተር ደግሞ ያንኑ ዕለት ወደ ዋርሳዬ ግቢ ይወሰዳል። የሚጭነው ትንሹ ሞተር፣ የምነዳውም እኔ።