ወደ ቤርሙዳ በእትዬ ሂሩት ጀልባ

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ሂሩትን ልጠይቅ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነበር። ሰማንያን ካለፉ ቆዩ። ምሳ እንደበላን እንደ ልማዳቸው መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ወንበራቸው ሄዱና ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «ተረኛ ነህ?» አሉኝ። «ነኝ» አልኳቸው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ሳራ ሳህን እያነሳች ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ኮንፊውዝድ ሆና ነው እንዴ? ሥራ ላይ ያለች መሰላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

አይደለም፣ አእምሯቸው ከእኔ ይሻላል አልኳት። ረጅም ታሪክ ነው ብዬ ልተወው ፈልጌ ነበር፤ ልጅቱ ግን ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ስትጠብቅ አሳዘነችኝና ባጭሩ ነገርኳት። ለእሷ በሹክሹክታ ያልኳትን ነው እዚህ ረጋ ብዬ የምጽፈው።

ጊዜው በፈረንጆች ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዶችን መኪና አቆም ነበር። አገር ቤት የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን ነበርኩ። መንግሥት ሲወድቅ ቀይ ባሕርን የተሻገርነው መቀመጫ በሌላት መርከብ ላይ ነው፤ ወታደሩ ከነቤተሰቡ፣ ቁስለኛው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም እንደ ተጠቀጠቀ። አንዱ ልተኛ ቢል ሌላው ላይ ነው የሚወድቀው። ባሕሩን እየወደድኩ ሰው ሰለቸኝ። አንድ ቀን ይህን ውሃ ብቻዬን፣ ማንም ትከሻዬን ሳይነካኝ አየዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል የገባሁት ያኔ ነው።

አሜሪካ ከገባሁ በኋላ አንድ የሆቴሉ ደንበኛ፣ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ጓሮው ውስጥ ሣር የወረሳትን ትንሽ የሸራ ጀልባውን ውሰድልኝ አለኝ። ክረምቱን በሙሉ ስፍቃት፣ ስቀባት ከረምኩ። ቀጥሎ በመጡት ሁለት ሰመሮች፣ በፈረንጆች በጋ፣ በፖቶማክ ወንዝ ወርጄ፣ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ አቋርጬ ውቅያኖሱ ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ባሕረ ሰላጤው ላይ የሸርጣን ወጥመድ የታሰረባቸው ኳሶች መንገዱን ይሞሉታል፤ ዓይንን ከእነሱ መንቀል አይቻልም። ያን ሁሉ አልፌ ውሃው ሰማያዊ ሲሆንና መሬቱ ከኋላዬ ሲጠፋ፣ የፓርኪንጉ ጥሩንባና አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ጭቅጭቅ ከጆሮዬ ይወጣል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ችግሩ እንቅልፍ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደህና አድርጎ አይተኛም፤ ትልቅ መርከብ ሳያየው ሊመጣበት ይችላል። እኔም እንቁላል ሲቀቅሉ የሚጠቀሙበትን የሚያንጫርር ሰዓት ጆሮዬ ሥር አድርጌ፣ ቆራርጬ ነበር የማሸልበው። እንዲህም ሆኖ በሦስተኛው ሰመር ውቅያኖስ መሃል ያለችው ቤርሙዳ ደሴት ድረስ ብቻዬን ለመሄድ ወሰንኩ።

ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። እዚያ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሥራ መልስ የምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ሰውን ሳይነካካ ወጥ የማያቀርብ ጨዋታ አዋቂ ነው። መጀመሪያ ሲሰማ «ኖኅ እንኳ ቤተሰቡን ይዞ ነው የገባው» ብሎ አሳቀብኝ። ውሎ ሲያድር ግን ነገሩ የሁሉም ሆነ። ውቅያኖስ ብቻውን የሚያቋርጥ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አሉኝ። መሆኔን ማንም አላጣራም፤ እኔም አላስተባበልኩም። ሴቶቹ ስንቅ ጀመሩ፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ በየጊዜው በከረጢት ወደ ምግብ ቤቱ ይመጣል። የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይመርቁኛል። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ መኪና ከማቆም በላይ ምን ልትሆን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እትዬ ሂሩትን ያገኘኋቸው ጀልባዬን በማስርበት ቦታ ነው። ከሁለት ጀልባ ወዲያ አንዲት ሴት የሆስፒታል ልብሳቸውን እንደለበሱ በግማሽ አካላቸው የሞተር ሣጥን ውስጥ ገብተው «አንተ ግትር፣ ውጣ እንጂ!» እያሉ ከአንድ ብሎን ጋር ይጣላሉ። በአማርኛ የሚሰደብ ብሎን እዚያ ወደብ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ሄጄ ጤና ይስጥልኝ አልኩ። ከአገር የወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ነርስ ናቸው። የሸራ ጀልባ መንዳት ያስተማረቻቸው አብራቸው የምትሠራ ፈረንጅ ናት፤ ከዚያ የራሳቸውን ትንሽ ጀልባ ገዙ። ፊታቸው ሁልጊዜ የሚስቅ፣ ሥራ ላይ ግን ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ገመድ ሲያስሩ አንድ ጊዜ አስረው፣ ሳብ አድርገው አይተው ነው የሚሄዱት፤ ተመልሰው ሲያዩ አይቼ አላውቅም።

እሳቸውም ቤርሙዳ ሊሄዱ ተዘጋጅተው ነበር፤ ከአጎታቸው ልጅ ጋር። ሚያዝያ ላይ፣ ያ የዛፍ ቢጫ ብናኝ መኪናውንም ጀልባውንም በሚያለብስበት ሰሞን፣ ጀልባቸውን እየወለወሉ ጠሩኝ። ልጁ ኮሎምቢያ ሃይትስ አዲስ ሥራ ይዞ ፈቃድ አልሰጡትም። እሳቸው ለዓመታት ያጠራቀሙት ፈቃድ ደግሞ ሊያልፍ ነው፤ ሰኔ ከገባ የማዕበሉ ወቅት ስለሚጀምር ግንቦት ካለፈ አለፈ። ከእኔ ጋር ትሄዳለህ ወይ አሉኝ። እኔም በትህትና እምቢ አልኩ። ጀልባዬ ዝግጁ ናት፣ ሰውም እየጠበቀኝ ነው አልኳቸው። አልተቀየሙም፤ «እሺ፣ ይቅናህ» ብለው ወደ ውልወላቸው ተመለሱ። ልሄድ ስነሳ ግን ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ብርሃኑ፣ ባሕር ላይ ምሳህን ስትከፍት እንብላ ትላለህ?»

ባለፈው ነሐሴ መሬት ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ምሳዬን ከፈትኩ፤ ቋንጣ ፍርፍር ነበር። መጀመሪያውን ከመጉረሴ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንብላ» አልኩ። ማን እንዲበላ እንደጠራሁ እንጃ፤ ሳላስበው ነው የወጣው። ይባረክ የሚል አጣሁ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ዕቃውን ከደንኩና እስከ ማታ ሳልቀምስ ዋልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ምኑ ይነገራል?

«እላለሁ» አልኳቸው።

«እኔም አንድ ጊዜ ብቻዬን ወጥቼ ብያለሁ» አሉ። «ብቻዬን መሄዱ አላቃተኝም፣ ጀልባዬን አውቃታለሁ። ግን ያየሁትን ለማን ልንገር? ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልወጣሁም።»

ሥራ ገብቼ ያን ቀን የሰው ቁልፍ ሳቀያይር ዋልኩ። ባሕሩን ብቻዬን አይቼው ነበር፤ ለራሴ የገባሁት ቃል ተፈጽሟል። የቀረው የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው የሰጠኝ ስም ነው። እሱን መተው እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሄጄ አብሬዎት እሄዳለሁ አልኳቸው። «ደግ አደረግክ፤ በል ያንን ባልዲ አቀብለኝ» አሉኝ።

ምግብ ቤት ገብቼ ብቻዬን መሄዱን እንደተውኩ ተናገርኩ። አንዱ ፈርቶ ነው አለ፤ ሌላው በሴት ጀልባ ተላላኪ ሊሆን ነው ብሎ አጉረመረመ። ፊቴ ነደደ። የምመልሰው ነበረኝ፤ ግን እንብላ ብዬ የሚመልስልኝ አጣሁ ብዬ ለነዚህ ወንዶች እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ተነስቼ ልወጣ ስል ጋሽ ታደሰ ከጓዳ የስንቁን ከረጢቶች ጎትቶ አመጣ። ለየሰጪው ሊመልሰው ነው ብዬ አስቤ ነበር። ከረጢቶቹን እግሬ ሥር አስቀምጦ «ውሰድ። ድሮም ለአንድ ሰው አልሰነቅንም» አለኝ።

ግንቦት ላይ ወጣን። እትዬ ሂሩት ውቅያኖሱ እንደተቀበለን ታመሙ፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ያስታውካቸዋል። ጎንበስ ብለው ያስመልሱና አፋቸውን ተጉመጥምጠው ጨዋታቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ውቅያኖሱ ውስጥ እንደ ወንዝ የሚፈሰው ሞቃት ጅረት ውስጥ ስንገባ ውሃው ተነሳብን። መሪውን ይዘው እያንዳንዱ ማዕበል በመጣ ቁጥር «ይኸው፣ መጣ... አይዞህ... አለፈ፣ አለፈ» ይላሉ፤ በሽተኛ በመርፌ ሲወጉ የሚያባብሉበት ድምፅ ነው። ለማዕበሉ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም፤ እኔን ግን ረድቶኛል። እንደዚያ ያለ ልበ ሙሉ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ያስቸገርኳቸው እኔ ነኝ። ተራዬ ደርሶ ስጋደም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምዶብኛል፤ ሌላ ሰው ነቅቶ ሲጠብቅልኝ መተኛት አላውቅበትም። ዓይኔን ጨፍኜ ጸጥ አልኩ።

«አስመስለህ አትተኛ» አሉኝ ከላይ። «ሰው ሲተኛ ነቅቼ መጠበቅ እንጀራዬ ነው። ትንፋሽህ ይነግረኛል።»

ተያዝኩ። ሳቅኩና ጡንቻዬን ሁሉ ለቀቅኩ። ከዚያች ከታጨቀች መርከብ ወርጄ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የእንቁላሉን ሰዓት ከሣጥኔ አላወጣሁትም።

ተራ ስንለዋወጥ አንድ ሕግ ነበራቸው። የሚነሳው ሰው «ምን አየህ?» ይላል፤ ተረኛው የግድ ይመልሳል። ምንም አላየሁም ማለት አይፈቀድም። የደመና ቅርጽም ቢሆን፣ አንዲት የደከማት ወፍም ብትሆን መነገር አለባት። ሌላው ሕግ አደጋ ካልሆነ የተኛን ሰው ከተራው በፊት አለመቀስቀስ ነው። ይህኛው የከበደኝ ኋላ ነው። አንድ ማለዳ እሳቸው ተኝተው ሳለ ከውሃው ጠርዝ ላይ የማይንቀሳቀስ ቀጭን መስመር አየሁ። ደመና መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ደመና አልነበረም። ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁ። የተራቸው ሰዓት እስኪደርስ መሪዬን ይዤ ደሴቲቱን ለእሳቸው እየጠበቅኩ ቆየሁ። እንደዚያ ያለ ደስታ የያዝኩት ያኔ ብቻ ነው። ብቻዬን ብሆን ያቺን መሬት አይቼ ማን እስኪነሳ እጠብቅ ነበር?

ተነሱ፤ ፀጉራቸውን አሰሩና «ምን አየህ?» አሉ።

«መሬት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩና እጄን ያዙኝ። በኋላ በሶውን በጥብጠን፣ እሳቸው እንብላ አሉ፣ እኔ ይባረክ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ያቺ የእኔ ጀልባ ለሌላ ወጣት ተሰጠች። ከእትዬ ሂሩት ጋር ግን ጉልበታቸው እምቢ እስኪላቸው ብዙ ዓመት ሄድን፤ መሪ ሆኜ ሳይሆን ተላላኪ ሆኜ። ያ የምግብ ቤቱ ሰው ለመስደብ ያለውን ስም ወድጄው ነው የኖርኩት።

ሳራ ይህን ስነግራት ሳህኑን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አክስቷ እያንኮራፉ ነው። እኔም ከመስኮቱ ፈቀቅ አላልኩም፤ ወጣ ልበል፣ ስልክ ልደውል አላልኩም። ሳራ ውሃ ልትሰጠኝ ስትነሳ እትዬ ሂሩት ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

«አንድ ቢጫ አውቶቡስ ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ። ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ የጎረቤት ልብስ ገመዱ ላይ ወዲህ ያጋድላል። አንዲት ሴትዮ ውሻ ይዛ ሁለቴ ዞረች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረክተዋል። ሻርፑን ከትከሻቸው አውርደው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«በል አሁን አንተ ተኛ» አሉ። «ተረኛዋ እኔ ነኝ።»