ጥላ ያለው እርሻ

ከጎንደር የተነሳነው በጥቅምት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። መድረሻችን ኮኪት ነበር። አንድ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክት በከተማዋ መጋዘን ግድግዳ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ትልቅ ሥዕል እንድሥል ቀጥሮኛል። አብራኝ የምትጓዘው ሰናይት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናት፤ የእሷ ሥራ ደን መመንጠር የሚያስከትለውን ኪሳራ ለእርሻ ባለቤቶች ማስረዳት ነው። የቆየን ጓደኛሞች ስለሆንን አውቶቡሱ አዘዞን ሳያልፍ ክርክር ጀመርን። ሥዕል ሰውን ያሳዝናል እንጂ አያስወስንም አለችኝ። እኔም የእሷን ሰንጠረዥ አይቶ መጥረቢያውን ያስቀመጠ ሰው ካለ እንድታስተዋውቀኝ ጠየቅኋት።

አይከል ላይ ለቁርስ ስንወርድ ብርዱ ጋቢ ያስመኝ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ሹራባችንን አወለቅን፣ ቀጥሎ መስኮት ከፈትን፣ ገንዳ ውሃ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። እዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ከሻይ ይወደዳል። ፉል በዳቦ በልተን ወደ ኮኪት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰሊጥና ማሽላ ብቻ ነው፤ ዛፍ ለማየት አንገት ማስገግ ያስፈልጋል።

ኮኪት፣ ከሰዓት በኋላ

መጋዘኑ ጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ሜዳው ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ በመጡ ሠራተኞች ተሞልቷል። ግድግዳውን ለሁለት ከፍዬ በግራው የተራቆተ መሬትና ቁልቁል የሚያነድ ፀሐይ፣ በቀኙ ሰፊ ዛፍና ከሥሩ ያረፉ ሰዎችን ሣልኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ከሥሩ የሚጻፈውን መልእክት ለማግስቱ አሳደርኩት።

በማግስቱ

ጠዋት ስንመለስ በሥዕሉ ፊት ብዙ ሰው ተሰብስቧል። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ኮራሁ። ሰናይትን እንኳ በክርኔ ጎሰም አደረግኋት። ጠጋ ስንል ግን ሰዎቹ ስለ ዛፉ ውበት እያወሩ አልነበረም። አየነው የሚባል የጎጃም ሰው፣ የአንድ ቡድን አለቃ፣ ቀረብ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ።

«ጌታው፣ ይኼ ጥላ ያለው እርሻ በየት በኩል ነው? ስንትስ ይከፍላል?»

ለካ በኮኪት በአጨዳ ወቅት ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ የቅጥር ማስታወቂያ ነው። ጽሑፍ ስለሌለው ባለቤቱ እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር። ሥዕል ብቻ መሆኑን ብነግራቸውም የሚያምነኝ አልተገኘም። እነሱን ፍለጋ የመጡት መኪኖች ባዷቸውን ይመለሳሉ። ሰናይት ወደ እኔ ዞራ፣ ሰዎቹ የዛሬ ደመወዛቸውን ትተው ጥላ እየጠበቁ መሆኑን አየህ ወይ አለችኝ። ጥላ ዋጋ እንዳለው በቁጥር ለማሳየት ስትለፋ ኖራለች፤ አሁን ዋጋው ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር።

ይህን ጊዜ አቶ ደሳለኝ መጡ። ከጎንደር መጥተው በዚህ ቆላ ሰሊጥ የሚያለሙ ትልቅ ሰው ናቸው። መኪናቸው ሠራተኛ አጥቶ ቆሟል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው አፉን ከከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል፣ የዓመት ልፋት ለወፍ ይሆናል። ወደ ጎን ወስደውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእርሻዬን ስም እዛፉ ሥር ጣፍልኝ።»

ዛፍ አላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። የለኝም፣ ግን እስኪሳፈሩ ብቻ ነው አሉኝ። አሳዘኑኝ፤ ብሩሹም በእጄ ነበር። እዚያ ደርሰው ሜዳ ሲጠብቃቸው የሠራተኞቹ ፊት ምን እንደሚመስል አሰብኩና አልችልም አልኳቸው። ተቆጡ። ከከተማ መጥቼ ሠራተኛ ያስኮበለልኩባቸው እኔ መሆኔን ነገሩኝ፤ እውነትም ነበራቸው። ሰናይት መሀል ገብታ፣ ሊሰጡ የሚችሉትን ለሠራተኞቹ ራሳቸው ቢነግሯቸው ይሻላል አለቻቸው። ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ወደ ሰዉ ሄዱ።

«እርሻዎ ላይ ዛፍ አለ ወይ?» አለ አየነው።

«የለም። ነበረ፤ አስቆረጥሁት።»

«ለምን?»

«ትራክተሩን እያዞረ አስቸገረን።»

አቶ ደሳለኝ ሸራ እንደሚዘረጉና ቀትር ላይ እንደሚያሳርፉ ቃል ገቡ። አየነው ከሰዎቹ ጋር ተማክሮ፣ እውነቱን ስለነገሩን እንሄዳለን አለ። የእሱ ቡድን ተሳፈረ፣ ሌላው ጥላ ያለውን እርሻ እጠብቃለሁ ብሎ እዚያው ቀረ። እኛም አብረን ወጣን።

እርሻው ላይ

ቀትር ላይ ሸራው ተዘረጋ፤ ከሥሩ ያለው አየር ግን ከውጭው ይብሳል። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወጥተው መኪናው ሥር ተጋደሙ። አቶ ደሳለኝም ጥቂት ቆመው ቆዩና ተከትለዋቸው ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔ ወደ ተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ሄድኩ። ዙሪያው ሳይታረስ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለዓመታት የሠራውን የትራክተሩን ሾፌር ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጉቶው ማረሻ ይሰብራላ» አለኝ። «አሁንም ዞሬው ነው የማልፍ።»

አቶ ደሳለኝ ከመኪናው ሥር ሰምተዋል። ወጥተው መጡና ጉቶውን አዩት፤ በጎኑ ለጋ ቅርንጫፍ አቆጥቁጧል። ባላስቆርጠው ቢያንስ ጥላው ይቀርልኝ ነበር ብለው አጉተመተሙ። ከዚያ ሾፌሩን፣ ለሚቀጥለው እርሻ ክቡን አስፍተህ ዙር፣ ይቺን እንዳትነካብኝ አሉት። ሾፌሩም «ሙሽኪላ የለም» አለ፤ በሱዳኖቹ አነጋገር ችግር የለም ማለቱ ነው። ሰሊጡ ግን አልዳነም፤ እጅ ስላነሰ ከግማሽ የማያንሰው አፉን ከፍቶ ረገፈ።

መልስ

ወደ ጎንደር ስንመለስ አልተከራከርንም። ሰናይት ሰንጠረዧን ዘግታ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እኔ ደግሞ ሰው ለዛፍ እንዲያዝን ስሥል ዓመታት ማሳለፌን አሰብኩ፤ ከሥሩ ማን እንደሚያርፍና ማን እንደሚከስር ጠይቄ አላውቅም ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሻንጣዬን እየተቀበለች ሰዉ ሥዕሉን ወደደው ወይ አለችኝ።

«ሊቀጠሩበት ፈለጉ» አልኳት።