የተፋላሚዎቹ መጽሐፍና የማይከፈተው በር

እኔና እህቴ ቤዛ ያንን መጽሐፍ ከኋላ ጀምረን ማንበብ እንዳለብን የገባን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በእኛ አነባበብ ተደብድቦ መሬት ላይ የተዘረረው ሰው ብድግ ይልና የረገፈ ጥርሱን ወደ አፉ ይመልሳል፤ የመታው ደግሞ ቡጢውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ማንጋ የሚሉት የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ የነገረችኝ አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት። ለቤዛ ሳስረዳት "የድሮው ይሻል ነበር" ብላ አኮረፈች።

መጽሐፉን ያገኘነው ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር በነበረው ሕንፃችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ማሽን ላይ ተጥሎ ነው። ሦስተኛው ቅጽ ነበር፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን አይተናቸው አናውቅም። ታሪኩ የተወሰደው ከአንድ የድብድብ ጌም ነው፤ ጌሙም ከሌሎች ጌሞች ተፋላሚዎችን ለቃቅሞ አንድ ቦታ የሚያጋጥም ዓይነት ነው። ባለ ሰይፉ ሳሙራይ ከአንዱ፣ ሮቦቱ ከሌላው፣ ቤዛ የምትወዳት ድንቡሽቡሽ ፍጡር ደግሞ ከሕፃናት ጌም ተነቅለው መጥተው በሩ በተዘጋ ሜዳ ውስጥ ይፋለማሉ። ሁሉንም ያሸነፈ ብቻ ወደ ዓለሙ ይመለሳል። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር የማይገባኝን ከራሴ እየፈጠርኩ ነበር የማነብላት። ሳሙራዩን ሻለቃ፣ ሮቦቱን ጋሽ ብረቱ ብለናቸው ነበር። "ለምን ዝም ብለው አይወጡም?" ትለኛለች። "በሩ አይከፈትማ" እላታለሁ። ቤዛ ሌላ ጥያቄ አትጨምርም፤ የእኛም በር አይከፈትም ነበር።

እኔ አሥራ አንድ፣ እሷ ስድስት ዓመታችን ነው። እማዬ ቀድማን መጥታ፣ ስፖንሰር አድርጋ ካስመጣችን ገና ስድስት ወራችን ነበር። ኢቶቢኮ የሚባል ሩቅ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ቤት የምትደርሰው። አንድ ቀን ሥራ ቦታ የሆነ ሰው፣ ብቻቸውን የሚውሉ ልጆችን መንግሥት ይወስዳል ብሎ ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ከተመለስን በኋላ በሩ ተቆለፈ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ኮቴ እንዳይሰማ ጫማ ማድረግ ቀረ፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ አልባ ሆነ። "ማንም ቢያንኳኳ የላችሁም" አለችን። "ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ፈረንጅ ቢያውቅ ለራሱ ነው፤ ሐበሻ ካወቀ ቶሮንቶ በሙሉ አወቀ ማለት ነው።"

ያ ቤት እንዴት እንደሚያፍነኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በመጋረጃው ስንጥቅ ልጆች ታች ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ሲጫወቱ አያለሁ፤ ድምፃቸው አሥራ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ምንጣፉ የድሮ ሲጋራ ይሸታል። እማዬን እወዳታለሁ፤ እሷ ቁልፉን አዙራ እስክትገባ ድረስ ግን በጣም እናደድባት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ፋየር አላርም፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው፣ ጮኸ። ከዚያ በፊትም ጮኾ ያውቃል፤ ግን እማዬ ነበረች። ቤዛ ጆሮዋን ይዛ ጉያዬ ውስጥ ተወሸቀች። "ምንም አይደለም፣ የሻለቃ ዙር ጀመረ" ብያት መጽሐፉን ገልጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሳልሄድ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሳቱ ላያገኘን ይችላል፤ በሩን ከከፈትኩ ግን በእርግጠኝነት ይወስዱናል። ቤዛን ወደ ሌላ ቤት፣ እኔን ወደ ሌላ ቤት።

በሩ ተንኳኳ። "ልጆች፣ እኔ ነኝ፣ አስካለ። ክፈቱልኝ።" እትዬ አስካለ በእኛው ኮሪደር ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። እማዬ ሊፍት ውስጥ ከሰላምታ በላይ አታናግራቸውም። ሐበሻ ናቸውና። የቤዛን አፍ በእጄ ያዝኩ። እሷ ግን ፊቷን አዙራ አመለጠችኝና በጨዋ ልጅ ድምፅ "እትዬ፣ እኛ የለንም" አለቻቸው።

"እሺ የኔ እናት" አሉ እትዬ አስካለ። "እናንተ ከሌላችሁ እኔም አልወርድም። እዚሁ ቁጭ እላለሁ።" ወዲያው እያቃሰቱ በራችንን ተደግፈው ሲቀመጡ ተሰማኝ። ሳል ጀመራቸው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ የማያቋርጥ። ሻለቃም ጋሽ ብረቱም ከአእምሮዬ ጠፉ። እኝህ ሴትዮ በእኔ ምክንያት በራችን ላይ ሊሞቱ ነው ብዬ ቁልፉን አዞርኩት።

አሥራ አራት ፎቅ ደረጃ በካልሲ ወረድን። እሳቸው አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው፣ ቤዛ ከፊት እየቆጠረች። ታች ስንደርስ ከእኛ በታች ያለ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ድስት ጥዶ ረስቶ እንደሆነ ሰማን። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ካልሲያችንን አየና የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቀ። እትዬ አስካለ ሁለታችንንም ወደ ጎናቸው ሳብ አድርገው "ማይ ግራንድ ችልድረን" ብለው የልጅ ልጆቻቸው አደረጉን። ሰውዬው እሺ በሚል ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

ማታ እማዬ እትዬ አስካለ ቤት አገኘችን። ዩኒፎርሟን አላወለቀችም፣ በሩ ላይ ቆማ ፊቷ አመድ መስሏል። "ማን አየ?" አለች።

"ማንም" አሉ እትዬ አስካለ። "ግቢና ተቀመጪ። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እኔ ጋ ነው የሚገቡት።" እማዬ ልትከራከር አፏን ከፈተችና እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እትዬ አስካለ እስኪሞቱ ድረስ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላሉም።

ዛሬ የራሴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚለምነኝ አንድ ነገር ቢኖር ለአንድ ሰዓት ብቻውን ቤት እንድተወው ነው። ከጌሙ ጋር፣ ማንም ሳይረብሸው። ለእሱ ብቻውን መሆን ነፃነት ነው፤ በሩንም ከውስጥ የሚቆልፈው እሱ ነው። ባለፈው እሑድ ይህንን ለእማዬ በስልክ እየሳቅኩ አጫወትኳት። እሷ አልሳቀችም።

"ያን ቀን" አለችኝ፣ "ደህና ናችሁ ወይ አላልኳችሁም። ማን አየ ነው ያልኩት። አይደል?"

ሃያ ዓመት ሙሉ ረስታዋለች ብዬ ነበር። ለእኔ ግን ከእሳቱ ሽታ በላይ አብሮኝ ያደገው ያ ጥያቄ ነው።

"አላስታውስም እማዬ" አልኳት። እንዳላመነችኝ ከትንፋሿ አወቅኩ።