አርባ ስምንት ስኒ ይዤ ወደ ባቱ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አዳማ

ከቤት የወጣሁት አርባ ስምንት ስኒ በካርቶን ታቅፌ ነው። ስኒዎቹ የእጄ ሥራ ናቸው። ፖርሴሊን ከሚባለው ነጭ ሸክላ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል የሠራኋቸው። መድረሻዬ ባቱ ናት፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት። እዚያ ካፌ ያላቸው ወይዘሮ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ሥራዬን ቴሌግራም ላይ አይተው፣ አርባ ስምንት ስኒ ይዤላቸው እንድመጣና በዓይናቸው አይተው እንደሚወስኑ ነግረውኛል።

ሽርሽር እንዳይመስላችሁ። እናቴ ሰርቪሷን ልታከራያት ነው። ተከራዩም ተገኝቷል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ፣ አቶ ጌታሁን የሚባል ጨዋ ሰው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መልሱን ሊሰማ ይመጣል። ከእማዬ ጋር የተስማማነው፣ ሴትዮዋ ከተቀበሉኝ ክፍሏ የእኔ ሆና እንድትቀጥል፣ ካልተቀበሉኝ ግን ምድጃዬን አስወጥቼ ቁልፉን እንዳስረክብ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንድ ቀን መንገድ ላይ ተንጠለጠለ።

ጉዳዩ የኪራይ ብር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! እማዬ መንዝ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። እሷ ባደገችበት ቤት ሸክላ መሥራት በሰው ፊት የሚወራ ሙያ አይደለም። ጎረቤት ሲጠይቃት “ልጄ ዲዛይን ነው የምትሠራው” ትላለች። የምን ዲዛይን ብሎ የጠየቃት ደግሞ እስካሁን የለም። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ከሳሎን ሆና “ሰናይት! እጅሽን ታጠቢ!” ትለኛለች፤ እኔም እስከ ክርኔ ጭቃ እንደሆንኩ ወደ ቧንቧው እሮጣለሁ። በሠላሳ አራት ዓመቴ!

ጠዋት በር ድረስ ሸኘችኝ። ካርቶኑን አየች፣ እኔን አየች፣ “በደህና ግቢ” ብላ ተመለሰች። መልካም ዕድል የሚል ነገር ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሞጆ

መናኸሪያው ውስጥ ጢሙ የሸበተ የሚኒባስ ረዳት ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ልወርውረው ብሎ ሲነሳ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እምቢ አልኩ። እንግዲያው ካርቶኑም ሰው ነው፣ ይክፈል አለኝ። ለእኔም ለካርቶኑም እኩል ከፈልኩ። ካርቶኑም አጠገቤ መስኮት ይዞ ተቀመጠ፤ ከእኔ የተሻለ ቦታ አገኘ።

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርን። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች መንገዱን ሞልተውት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። በዚያ መሃል ካርቶኑን ከፍቼ ስኒዎቼን ፈተሽኩ። በጤፍ ጭድ ነው ያሸግኳቸው፤ አንድም አልተነካም። ከላይ ያሉት ሠላሳ ስድስቱ የምኮራባቸው ናቸው፤ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ከንፈራቸው የተስተካከለ። ከታች ያሉትን አሥራ ሁለቱን ግን ማንም እንዲያያቸው አልፈልግም ነበር።

የእነሱ ነገር እንዲህ ነው። እኔ ስኒ የምሠራው ቀጭን ጭቃ ጄሶ ቅርጽ ውስጥ አፍስሼ ነው። ጄሶው ውሃውን ሲመጥ ጭቃው ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ የተረፈውን እደፋዋለሁ። ብዙ ከቆየ ስኒው ይወፍራል፣ ቶሎ ከተደፋ ይሳሳል። አንድ ቀን ጭቃውን አፍስሼ ሃያው ደቂቃ ገና ሳይጋመስ እንግዳ መጣ፣ እማዬም ተጣራች። ደንግጬ ሁሉንም ደፋሁትና ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። አሥራ ሁለቱ ስኒዎች እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ሆነው ወጡ። ብልሽት ብዬ ጥግ አስቀመጥኳቸው። በመጨረሻው ሳምንት ግን ስኒ እየተኮስኩ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ደህናዎቹ ሲበላሹብኝ፣ ቁጥር ለመሙላት እነሱን ተኩሼ ካርቶኑ ሥር ቀበርኳቸው። አዎ፣ አጭበርብሬአለሁ።

ከሞጆ እስከ ባቱ

ቆቃ ላይ መንገድ ዳር አሳ ይሸጣል። ዓለም ጤና ላይ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት አስገባብን። መቂ ስንደርስ ሽንኩርትና ቲማቲም በሳጥን በሳጥን ተደርድሮ፣ ገበያው ቀይ ሆኖ ጠበቀን። አጠገባችን የነበሩት እናት ካርቶኑን አይተው ጫጩት መስሏቸው እንዳይታፈኑ መስኮት ክፈቺላቸው አሉኝ። ስኒ ነው ስላቸው ጫጩት ይሻል ነበር አሉ። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ ባቱ

የወይዘሮ ጫልቱ ካፌ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አሥር ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ የግራር ዛፍ። ወይዘሮ ጫልቱ ሃምሳዎቹን ያለፉ፣ ቆፍጣና ሴት ናቸው። “አካም ጅርታ?” ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ፤ “ፈያ” አልኩ። የአዳማ ልጅ መሆኔን ሲያዩ ደስ አላቸው።

አንዱን ወፍራም ስኒ አጥበው ማኪያቶ ቀዱበትና ግራሩ ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌ ሰጧቸው። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የካፌው የሁልጊዜ ደንበኛ። ስኒውን አዙረው አዩት። ጎንበስ ብለው ከጎኑ አዩት። ከዚያ አስቀመጡት።

“ጠቆር ያለ ነበር ያዘዝኩት።”

ጠቆር ያለ ነው አሏቸው ወይዘሮ ጫልቱ።

“እሱን ማን አየ?” አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ስኒውንም ሳይነኩት ገፋ አደረጉት።

ወይዘሮ ጫልቱ ወደ እኔ ዞሩ። “ስኒሽ ያምራል ልጄ። ግን የእኔ ሰው ማኪያቶውን መጀመሪያ የሚጠጣው በዓይኑ ነው። መጥቆሩን ካላየ ይመልሰዋል። ለዚህ እኮ ነው ሁላችንም በብርጭቆ የምንቀዳው።”

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከተማሪነቴ ጀምሮ አዳማ ላይ ማኪያቶ ስጠጣ “ነጣ ያለ” ብዬ አዝዤ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቼ፣ አልነጣም ብዬ ስመልስ የኖርኩት እኔ ነኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስኒ ስሠራ ይህ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ጉንጬ እየጋለ ስኒዎቹን ወደ ጭዱ መመለስ ጀመርኩ። የማስበው ምድጃዬን የሚያወጣልኝ ጋሪ ከየት እንደማገኝ ነበር።

ወይዘሮ ጫልቱ ካርቶኑ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። ከሥር ያሉት ምንድን ናቸው አሉኝ። ብልሽት ናቸው፣ አይረቡም አልኩ። አልሰሙኝም። አንዱን አውጥተው ወደ ፀሐይ ሲያነሱት የጣቶቻቸው ጥላ በስኒው ግድግዳ አልፎ ታየ።

ማኪያቶ ቀዱበትና ፀሐይ ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀመጡት። ቡናማው ቀለም በነጩ ግድግዳ ውስጥ ፈካ ብሎ ወጣ፤ ከላይ ያለው አረፋም ለብቻው ነጥቶ ይታያል። ኦቦ ገመቹ ከግራሩ ሥር ተነስተው መጡ። አዩት። አዞሩት።

“ጠቁሯል” አሉ፤ ቆመውም ጠጡት።

ወይዘሮ ጫልቱ ግን በዚህ የሚታለሉ ሴት አይደሉም። የፈላ ውሃ ገለበጡበት፣ ወዲያው ቀዝቃዛ፣ እንደገና የፈላ። ብርጭቆ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። በጥፍራቸው ሲመቱት እንደ ቃጭል ጮኸ። አሥራ ሁለቱንም ወሰዱ፤ ልክ እንደነሱ ስስ የሆኑ ሰማንያ አዘዙ፤ ቀብዱንም እዚያው በስልኬ አስገቡልኝ። ወፍራሞቹን ግን ወደ ቤትሽ ይዘሽ ተመለሺ አሉኝ። ደስ ብሎኝ ያዝኳቸው! ማን ይቀየማል?

ሐይቁ ዳር ሄጄ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር አውጥቼ አንድ ትልቅ አሳ ጥብስ በዳጣ ለብቻዬ በላሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው ትራፊ ሲጠብቁ አየኋቸውና አጥንቱን ሁሉ ወረወርኩላቸው። ያን ቀን ለማንም የማልሰጠው ነገር አልነበረኝም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ አዳማ

ከባጃጅ ስወርድ እማዬና አቶ ጌታሁን በራችን ላይ ቆመው ነበር። እማዬ መጀመሪያ ያየችው ካርቶኑን ነው። ሠላሳ ስድስት ስኒ ይዟል፤ ክብደቱ ከአካሄዴ ያስታውቃል። ፊቷ ጠቆረ። የሚገርመው፣ የተገላገለች ሰው ፊት አልነበረም፤ ያዘነች እናት ፊት ነበር። “አይዞሽ” አለችኝ ቀስ ብላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሸክላዬ ይህን ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

“እማዬ፣ ሰማንያ አዘዙኝ” አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ኦቦ ገመቹ፣ ስለ ፀሐዩ፣ እንግዳ የመጣ ቀን ቶሎ ስለደፋኋቸው ስኒዎች።

ጥቂት አሰበች። “ያን ቀን የጠራሁሽ እኔ አይደለሁ?”

“አንቺ ነሽ።”

ነጠላዋን አስተካከለች። አቶ ጌታሁን ግራ ገብቶት ልጅቷ ዲዛይነር አይደለችም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣለች፤ ጆሮዋ እኛ ጋ ነው። እማዬ አየቻት፤ ድምጿን ግን ዝቅ አላደረገችም።

“ሸክላ ሠሪ ናት” አለች። “ክፍሉ መሥሪያዋ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልን።”

እነሆ ከዚያ ጉዞ የተማርኩት፣ ሥራዬን የምሠራው ለምድጃዬ ሳይሆን ለሚጠጣበት ሰው ዓይን መሆኑን ነው። ሌላም ተምሬአለሁ፤ እናቴን ሳላውቃት ኖሬአለሁ። አሁን ሰማንያዎቹን እየሠራሁ ነው። ስሱ ስኒ የሚፈልገው ስምንት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሰዓት የምትይዝልኝ እማዬ ናት። ትናንት ሳሎኑ በማኅበሯ ሴቶች ተሞልቶ ሳለ ጭቃውን አፍስሼ ስጠብቅ ድምጿን ሰማሁና እንደለመድኩት ወደ ቧንቧው ተነሳሁ። እሷ ግን በሩን ከፍታ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ “ሰናይት! ስምንት ሞላ፣ ድፊው!” ነበር ያለችው።